የዓሣን መርዶ ማን ያረዳል?

ሰው ሲሞት ወግ አለው። የዕድሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ዘመዱ በሩቅ አገር ያለ እንደሆነም መርዶው በማለዳ በሽማግሌ አፍ በጥንቃቄ ይነገረዋል። የሟቹ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የት እንደ ኖረና በምን እንደ ሞተ የማይታወቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዓሣ ግን ይህ ሁሉ የለውም። አንድ የዓሣ ዝርያ ከወንዙም ከዓለሙም ጨርሶ ቢያልቅ መርዶውን ማን ይናገራል? ተናጋሪ ቢገኝስ፣ ያለቀው ይህ እንጂ ያ እንዳልሆነ በምን ያረጋግጣል?

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒ፣ በቦንጋና በመቱ ዙሪያ ያለውን የቡና አገር የሚያውቅ አንባቢ ይህን ጥያቄ እንደ ዋዛ አያየውም። በዚያ አገር ሸለቆ ሁሉ ጅረት አለው፤ ጅረት ሁሉ ዓሣ አለው። አምባዛንና ቀረሶን የማያውቅ የለም። ከድንጋይ ሥር የሚሹለከለኩት፣ ከጣት የማይረዝሙት ትናንሾቹ ግን በገበያ ስለማይሸጡ ስማቸውን የሚጠይቅ ብዙ ሰው አልተገኘም። ስሙ ያልተጠየቀ ደግሞ ቢጠፋም አይጠየቅም።

የሐሰት መርዶ ምን ያህል እንደሚጎዳ እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቃለን። በጦርነት ሞተ ተብሎ ተለቅሶለት፣ ተዝካሩም ከተበላ በኋላ አንድ ቀን ማታ በደጅ ዘልቆ ስለገባ ሰው የሚነገረው ታሪክ በብዙ ቤት አለ። በዓሣም ላይ ይኸው ደርሷል። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።)

በሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ በሆላንድና በጀርመን ወንዞች አፍ ይያዝ የነበረ፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ ሃውቲንግ የሚባል ዓሣ ነበረ። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2008 ይህን ዓሣ «ጠፍቷል» ብሎ በመዝገቡ አሰፈረው። ኅብረቱ እንዲህ ብሎ የሚጽፈው የመጨረሻው ነፍስ ለመሞቱ የሚያጠራጥር ነገር ሳይቀር ሲቀር ብቻ ስለሆነ ቃሉ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ባለሙያዎች ጋር ሆነው በዚያ ተቀምጠው ከቆዩት አሮጌ የሃውቲንግ ዓሦች ጥቂት ሥጋ ቆርሰው ዘራቸውን መረመሩ። ከዓሦቹ አንዱ ከ1754 ጀምሮ የቆየ፣ ታላቁ ስዊድናዊ ሊቅ ሊኔየስ ዝርያውን ሲሰይም የተጠቀመበት ነው። ውጤቱ በ2023 ታትሞ ወጣ፤ ሞቷል የተባለው ዓሣ ዛሬም በአውሮፓ ውሆች ከሚዋኝ ከሌላ ዓሣ ጋር በዘሩ አንድ ሆኖ ተገኘ። ዓሣው በሌላ ስም በሕይወት ነበረ ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ የዋለው ብልሃት «የዲ ኤን ኤ ባርኮድ» ከሚባለው ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። ባርኮድ በሱቅ ዕቃ ላይ የሚታተመው ጥቁርና ነጭ መስመር ነው፤ ሻጩ በመብራት ሲያስነብበው መሣሪያው ዕቃው ሳሙና ይሁን ብስኩት ወዲያው ይናገራል። በ2003 በካናዳ የጌልፍ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ፖል ሄበርትና የሥራ ጓደኞቹ እንስሳትንም በዚሁ ዓይነት ለይቶ ማወቅ ይቻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሙሉውን የዘር መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም፤ ከዚያ ውስጥ አንዲት ገጽ ብትበቃ ነው፤ ነገር ግን ለሁሉም እንስሳ ያችው ገጽ መሆን አለባት አሉ።

ገጿ ያለችው ማይቶኮንድሪያ በሚባለው፣ ለሕዋሱ ኃይል በሚያመነጨው ትንሽ አካል ውስጥ ነው። ርዝመቷ 650 ፊደል ያህል ሲሆን የፊደሉ ዓይነት አራት ብቻ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ለለመድን ለእኛ አራት ፊደል የድኻ ገበታ ቢመስልም፣ ነገሩ የሚሠራው ከብራና መጻሕፍት ጋር በሚመሳሰል መንገድ ነው። አንድ የቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ይስታል፤ ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጠው ሌላው ስሕተቷን እንዳለች ይወርስና የራሱን ይጨምርበታል። ብዙ ዳዊቶችን ጎን ለጎን ዘርግቶ ስሕተቶቹን የሚቆጥር ሰው የትኛው ከየትኛው ደብር እንደ ተቀዳ ይደርስበታል። የዓሣም ዘር ከእናት ወደ ልጅ ሲገለበጥ እንዲሁ ነው። ሁለት ዓሦች ከተለያዩ ረጅም ዘመን ከሆናቸው የተለያየችው ፊደል ትበዛለች፤ በቅርብ የተለያዩ ወይም ያልተለያዩ ከሆኑ ታንሳለች። በ2005 በአውስትራሊያ 207 የዓሣ ዝርያዎች በዚህ መንገድ ተመርምረው አንዱን ከሌላው ለመለየት መቻሉ ከታየ ወዲህ ዘዴው በዓሣ ሊቃውንት ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ማይቶኮንድሪያ በአንድ ሕዋስ ውስጥ በብዙ ቅጂ ስለሚገኝ፣ እንደ ሃውቲንግ ባለ አሮጌ ሥጋ ላይ እንኳ የምትነበብ ቁራጭ ሳትገኝ አትቀርም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1911 በብሪታኒያ ቤተ መዘክር ይሠራ የነበረው ትውልደ ቤልጅጉ ጆርጅ አልበርት ቡላንጄ ከአቃቂ ወንዝ ለተገኘ አንድ ትንሽ ዓሣ የወንዙን ስም ሰጥቶ «ባርቡስ አካኪያኑስ» አለው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ግን ይህ ዓሣ ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም ብለው በአፍሪካ ሰፊ አገር ይዞ በሚኖር በሌላ ዓሣ ስም ሥር ጠቀለሉት። ስሙ ከመዝገብ ሲፋቅ ዓሣው በወረቀት ሞተ። በነዚያ ዓመታት የአቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን ጥራጊና የፋብሪካን እጣቢ የሚሸከም ወንዝ ሆኖ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ተቆርቋሪ ተነሥቶ «የአቃቂው ዓሣ እንዴት ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ትክክለኛው መልስ «እንዲህ ያለ ዓሣ የለም» የሚል ይሆን ነበር። በ2020 ግን ገርኖት ኤንግልማየር፣ ገናናው ተስፋዬና ኒና ቦጉትስካያ የአዋሽን ተፋሰስ ዓሦች ዘርና አካል አስተያይተው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር አንድ አዲስ ዝርያ ሲሰይሙ፣ የአቃቂውንም ዓሣ ስም ከተጠቀለለበት አውጥተው መለሱለት። ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ስሙን ማግኘቱ ነው። ወንዙን ማጽዳት የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ቢሆንም፣ ስም ከሌለ ስለ ማን ብሎ ማጽዳት እንደሚጀመር እኛ አይታየንም።

ከአቃቂው ይበልጥ ወደ ቡናው አገር የሚያቀርበን ሌላ ዓሣ አለ። በ1902 ኤድዋርድ ዴገን የተባለ ሰብሳቢ ከጣና ሐይቅ ካመጣቸው ዓሦች መካከል ቡላንጄ አንድ ባለ ጢም፣ ቀጭን፣ በድንጋይ መካከል የሚሸሸግ ዓሣ አገኘና የኢትዮጵያን የጥንት የአውሮፓ ስም አውጥቶ «አቢሲኒኩስ» ብሎ ሰየመው። ግኝቱ እንግዳ ነበር፤ ምክንያቱም የዚህ ዓሣ ዘመዶች መኖሪያ እስያና አውሮፓ ሲሆን ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ሌላ ዘመድ አልታወቀም ነበር። እንደ ጠፋ መንገደኛ ብቻውን ተቀመጠ። ከዘጠና ዓመታት በኋላ ግን በ1994 የሩስያ የዓሣ ሊቃውንት ዓሣው በኦሞና በቱርካና ተፋሰስም መኖሩን ጻፉ። በ2013 ደግሞ ፕሮኮፊየፍና ጎሉብትሶቭ አካሉን በጥንቃቄ መርምረው የኦሞው ከጣናው የተለየ ዝርያ ነው በማለት «ካፋ» የሚል ስም ሰጡት። ቡናን ለዓለም ያበረከተ አገር አንድ ዓሣ በስሙ መጠራቱ ሲያንሰው ነው።

በዚህ ላይ የአገሩን አቀማመጥ ማስታወስ ይጠቅማል። ከካፋ ደጋ በአንዱ ጎን የወረደ ዝናብ በባሮና በአኮቦ አድርጎ በሶባት በኩል ነጭ ዓባይ ይገባል፤ በሌላው ጎን የወረደው በጎጀብ ወደ ኦሞ፣ ከዚያም መውጫ ወደሌለው ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። ሁለት ጎረቤት ገበሬዎች ከአንድ ሸንተረር ግራና ቀኝ ቢኖሩ፣ አንዱ ሜዲትራኒያን የሚደርስ ውሃ ይጠጣል፣ ሌላው በረሃ ላይ የሚቀር። ዓሣ ተራራ ወጥቶ አይሻገርም። ስለዚህ በሁለቱ በኩል ያሉት፣ ዓይን ሲያያቸው አንድ የሚመስሉት ዓሦች፣ ለብዙ ሺህ ዓመታት ተለያይተው የየራሳቸውን ስሕተት ሲገለብጡ የቆዩ ሊሆኑ ይችላሉ። በአንደኛው በኩል ያለው ቢያልቅ፣ «በዚያኛው በኩል አለ» ብሎ መጽናናት የሚቻለው ሁለቱ በእርግጥ አንድ መሆናቸው ሲታወቅ ብቻ ነው። ባርኮዱ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ለእንደዚህ ያለው ጥያቄ ይመስለናል።

እስከዚህ ድረስ ዘዴውን አመስግነናል። አሁን ደግሞ የሚያሳፍረውን ቦታ እንናገር፤ ቦታውም እዚሁ ደቡብ ምዕራብ ነው።

በመቱ አጠገብ የሚያልፈው የሶር ወንዝ በፏፏቴው ይታወቃል። ከገባ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ወደ ባሮ ይወርዳል። በዚህ ወንዝ ውስጥ ጋራ ከሚባለው ወገን የሆኑ ዓሦች አሉ። ጋራ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ ምዕራብ አፍሪካ የተበተነ፣ ከ160 በላይ ዝርያ ያለው ወገን ነው፤ ሥራውም አንድ ነው፤ ከአገጩ ሥር ባለው መጥመጫ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ጎርፉ ሳይወስደው ከድንጋዩ ላይ አረንጓዴውን ሽበት እየፋቀ ይበላል። በአፉ ቅርጽ ሁሉ ለዚህ የተፈጠረ ነው። የሶሩ ጋራ ግን ከዘመዶቹ ሁሉ ተለየ። ቦሪስ ሌቪንና ጓደኞቹ በ2021 ባወጡት ጥናት በዚህ በአንድ ወንዝ ውስጥ ስድስት ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ጋራዎች መኖራቸውን አስረዱ። ከነዚህ አንዱ ከንፈረ ወፍራም ነው፤ ሌላው ድንጋይ መፋቁን ትቶ አዳኝ ሆኗል፤ ሁለቱም መልኮች በዚህ ሰፊ ወገን ውስጥ ከዚያ በፊት ተጽፈው አያውቁም። የሌሎቹም አፍ፣ መጥመጫና የአንጀት ርዝመት ይለያያል። ከአንድ አያት የወጡ ወንድማማቾች አንዱ ሸማኔ፣ አንዱ አዳኝ፣ አንዱ አናጢ ሆነው በአንድ መንደር እንደ መኖር ነው። እንዲህ ያለው መብዛት በሐይቅ ካልሆነ በወንዝ አይሆንም ተብሎ ሲታመን የኖረ ነገር ስለነበረ ወሬው ለዓለም ሊቃውንት አስደናቂ ሆነ።

ለእኛ ጉዳይ የሚከብደው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሊቃውንቱ በማይቶኮንድሪያው ፊደል ስድስቱን ለመለየት ቢሞክሩ አልተለዩም። ሁሉም አንድ ዓይነት ገጽ ይዘው ተገኙ። መላውን የዘር መጽሐፍ ከብዙ ቦታ እየቆነጠሩ ሲያነቡ ግን ስድስቱ በግልጽ ተለያዩ፤ ወጣት ዝርያዎች ተብለው ሊቆጠሩ የሚችሉ ናቸው ተባለ። ምክንያቱ የዘመን ማጠር ነው። መለያየታቸው ቅርብ ስለሆነ በአንዲቷ ገጽ ላይ ስሕተት የሚጠራቀምበት ጊዜ አላገኙም። ከንፈረ ወፍራሙም ከሁለት ወገን ደም መቀላቀል የመጣ ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁም ምልክት ታይቶበታል፤ ማይቶኮንድሪያ ደግሞ ከእናት ብቻ የሚወረስ በመሆኑ የአባትን ወሬ አይናገርም።

እንግዲህ አንባቢ ያስብበት። ነገ በሶር ውስጥ አዳኙ ጋራ ቢያልቅና አንድ መርማሪ ከወንዙ ሌሎቹን ጋራዎች አጥምዶ ባርኮዳቸውን ቢያነብ መዝገቡ «አለ፣ ደኅና ነው» ይላል። የሃውቲንግ ተቃራኒ ማለት ነው፤ እዚያ ዘሩ ያለውን ሞተ ብለው ቀበሩት፣ እዚህ የሞተውን አለ ብለው ይተዉታል። አሁን በየአገሩ የተወደደው፣ ዓሣውን ሳይዙ አንድ ጠርሙስ የወንዝ ውሃ አጥልለው በውሃው ውስጥ የቀረውን የዘር ርዝራዥ የሚያነቡበት ዘዴም በዚያችው በአንዲት ገጽ ላይ ከቆመ ከዚህ ስሕተት አያመልጥም። ስለዚህ ለደቡብ ምዕራብ ወንዞች ባርኮድ የመጀመሪያው ወንፊት ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም። በወንፊቱ ያለፈውን ዐይን፣ መረብና ሰፋ ያለው የዘር ንባብ ሊከተሉት ይገባል። መሣሪያ ገዝቶ ነገር ሁሉ ያለቀ የሚመስለው ሰው ስለሚበዛ ይህን አጥብቀን እንናገራለን።

ለመሆኑ ዓሦቹን የሚያሰጋቸው ምንድን ነው? ደኑ አለ፤ የካፋና የያዩ የቡና ደኖች በ2010፣ የሸካ ደን በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ተብለው ተመዝግበዋል። ዛፉን ለመጠበቅ የተጻፈ ደንብ ግን ከዛፉ ሥር የሚፈሰውን ውሃ ሁልጊዜ አይጠብቅም። እሸት ቡና በመፈልፈያ ጣቢያ ሲታጠብ ቅርፊቱና ልጋጉ ከእጣቢው ጋር ይወጣል። ልጋጉ ስኳር አለው፤ ወንዝ ሲገባ ይቦካል፤ ሲቦካ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣውም በውሃ መካከል ሆኖ ይታፈናል። በጅማ አካባቢ ባሉ ወንዞች ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናት የቡና እጣቢ የወንዞቹን ውሃ ምን ያህል እንዳበላሸ አሳይቷል። ጉዳዩን የሚያከፋው ጊዜው ነው። ቡናው የሚታጠበው ክረምቱ አልፎ ወንዙ እያነሰ በሚሄድበት ወራት በመሆኑ ብዙ እጣቢ በጥቂት ውሃ ላይ ይወርዳል። የታጠበ ቡና ከጀንፈሉ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣ ስለሆነ ገበሬውን «አትጠብ» ማለት አይቻልም፤ አይገባምም። እጣቢው ወንዝ ከመግባቱ በፊት በጉድጓድ እየተጣራ እንዲቆይ ማድረግ ግን የሚቻል ነገር ነው።

ብርብራም አለ። ይህ ዛፍ ለቡና ጥላ የሚወደድ ደግ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ግን ተወቅጦ ወደ ወንዝ ሲጣል ዓሣ ያደነዝዛል። የጥንት ማጥመጃ ነውና ነውር አናወራበትም። ነገር ግን መረብ ትልቁን ይዞ ትንሹን ሲለቅ፣ ብርብራ አይመርጥም። በአንድ የወንዝ መታጠፊያ ብቻ የሚኖር ዓሣ ቢኖር አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል።

እንግዲህ ሥራው ከየት ይጀመር? እኛ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ሰዎች ትልቅ ቤተ ሙከራ ካልተሠራ ምንም አይሆንም ስንል መስማት የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ግን የሚቀድመው ጠርሙስ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ በብዙ ቤተ መዘክር ዓሣ የሚቀመጠው በፎርማሊን ተነክሮ ነው፤ ፎርማሊን መልክን አሳምሮ ሲጠብቅ የዘሩን ፊደል እያጣበቀና እየቆራረጠ ያበላሻል። አልኮል ግን ፊደሉን ይጠብቃል። ስለዚህ ከተያዘው ዓሣ ክንፍ ላይ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጦ 95 በመቶ በሆነ አልኮል ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሙሉውን ዓሣ ደግሞ ለመልኩ ሲባል በፎርማሊን ማቆየት፣ ሁለቱም ላይ አንድ ቁጥር መጻፍ ነው። ካቲካላ አይበቃም ወይ የሚል ወዳጅ አይጠፋም፤ አይበቃም፤ ውሃው ይበዛል፣ ደግሞም እስኪመለሱ ድረስ ጠርሙሱ ሳይጎድል መቆየቱ ያጠራጥራል።

በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ከጠርሙሱ እኩል ነው። የወንዙ ስም፣ ከየትኛው ድልድይ በላይ ወይም በታች፣ ቀኑ፣ የያዘው ሰው፣ የአካባቢው ሰው ዓሣውን የሚጠራበት ስም ካለም እርሱ ይጻፍ። በቤንች፣ በሸካ፣ በካፋ፣ በመዠንገርና በኦሮምኛ ቋንቋ የሚጠሩ ስሞች ሊቃውንቱ የማያውቁትን ልዩነት የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ሽማግሌ ሁለት ዓሦችን በሁለት ስም ከጠራ መርማሪው ሁለቱንም ለየብቻ ያስቀምጥ። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከነዚህ ጅረቶች መካከል ተቀምጧል፤ ተማሪዎቹም የየመንደራቸውን ወንዝ ከማንም የበለጠ ያውቁታል።

ጊዜውንም መምረጥ ያስፈልጋል። በአንድ ጅረት ላይ ከመፈልፈያው ጣቢያ በላይና በታች፣ አንድ ጊዜ እጥበቱ ሳይጀመር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እጥበቱ ሲያበቃ መረብ መጣል ነው። በላይ ተገኝቶ በታች የጠፋ፣ ወይም ከእጥበቱ በፊት ታይቶ በኋላ ያልታየ ዓሣ ካለ ያን ጊዜ መፈለግ ይጀመራል፤ በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር ይደገማል። የዘንድሮው እሸት ገና አልቀላም።